የአራሷ ደመወዝ ከማን ኪስ ይውጣ?

የወሊድ ፈቃድ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ወር ነው?» የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን ግን ሕጎቹን ሳገላብጥ ከርሜ ከሁሉ በላይ ያጓጓኝ ሌላው ነው፦ እናትየው አራስ ቤት ሳለች ደመወዟን የሚከፍለው ማነው? ይህን ያዙልኝ፤ ብዙ ቋጠሮ የሚፈታው እሱ ነው።

መጀመሪያ የእኛን እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል። በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ነው፤ የአንድ ወር ጭማሪ ለአራስ ምን ማለት እንደሆነ የወለደች ታውቀዋለች። እርጉዟን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው።

ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ያውም ብቻውን። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። 8 ሠራተኛ ያለውን አንድ ማተሚያ ቤት አስቡ። ለአንድ ክፍት ቦታ እኩል ችሎታ ያላቸው ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ አንደኛዋ በቅርቡ ያገባች ሴት፣ ሌላው ወንድ። እሷ ስትወልድ ባለቤቱ የ4 ወር ደመወዝ እየከፈለ በቦታዋ ሌላ ሰው ማሠራት አለበት። ወንዱ ልጅ ቢወለድለት የሚያርፈው 3 ቀን ነው። ባለቤቱ የግድ ክፉ ሰው መሆን የለበትም፤ ሒሳቡ ራሱ ወደ ወንዱ ይገፋዋል። «ባለትዳር ነሽ? ለመውለድስ አስባችኋል?» የሚለው የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ምንጩ ይኸው ነው። አዋጁ ሴትን በጾታዋ ማግለልን ይከለክላል፤ ግን ሳትቀጠር የቀረችው ሴት ምክንያቱን በምን ታስረዳ?

መላው ወጪውን ከአንድ አሠሪ ላይ አውርዶ በጋራ መዋጮ መሸከም ነው፤ ይህም ለሀብታም አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 የወሊድ ፈቃድ መዋጮ ጀመረች። ሠራተኛው ከደመወዙ 0.3 በመቶ፣ አሠሪውም 0.3 በመቶ ያዋጣሉ፤ በእኛ ገንዘብ ከመቶ ብር 30 ሳንቲም ማለት ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ አዋጪዎቹ ሴቶች ብቻ አለመሆናቸው ነው። ያላገባው ጎረምሳም ያዋጣል፣ ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰውም ያዋጣል። እኛ በዕድር ለሐዘን የምናደርገውን እነሱ ለልደት አደረጉት። ቀድሞ ከ12ቱ የወሊድ ፈቃድ ሳምንታት የመጨረሻዎቹን 6 ያለ መድን የምታሳልፍ እናት ወይ በደመወዟ 20 በመቶ ትኖራለች፣ ወይ ወደ ሥራ ትመለሳለች። መዋጮው ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት አሠሪው፣ የቀሩትን ፈንዱ እንዲከፍሉ ሆነ።

የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ይህንኑ ይላል፤ የሴቶች የሥራ ዕድል እንዳይጎዳ፣ ክፍያው ከማኅበራዊ ዋስትና ወይም ከሕዝብ ገንዘብ ይምጣ።

መዋጮ መሰብሰብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ይገባል። ገንዘቡ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለተተኪዎች ይውላል፤ ወሊድ ውስጡ የለም። 18 በመቶ መሰብሰብ ለቻለ ሥርዓት 0.6 በመቶ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይታያችኋል?

ወደ አባቶች ልለፍ። 3 ቀን ማለት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የሚመጣው ጠያቂ እንኳ ሳያልቅ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዟል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የወላጅነት ፈቃድን ለአባትም ለእናትም የከፈተችው ስዊድን ዛሬ ለአንድ ልጅ 480 ቀን ትሰጣለች፤ ከዚያም ውስጥ 90ው ለአንዱ፣ 90ው ለሌላው ወላጅ የተቆረጠ ነው። አባትየው ድርሻውን ካልወሰደ ቀኑ ይቃጠላል እንጂ ለእናትየው አይተላለፍም። ክፍያው የሚመጣው ከማኅበራዊ መድን ሲሆን አሠሪዎች መዋጮውን ለወንዱም ለሴቷም ደመወዝ እኩል ይከፍላሉ። አባትም ወራት የሚያርፍ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያ ሒሳብ ምን ያህል እንደሚለወጥ አስቡት።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ሐኪሞች ሕፃን 6 ወር ሙሉ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ፤ 90 ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። እናት ወደ ቢሮ ስትመለስ ልጁን የምትይዘው በአብዛኛው የቤት ሠራተኛ ናት። እሷን አዋጅ 1156 አያቅፋትም፤ በሌላ ደንብ ይታይ ብሎ ለይቷታል። ስለዚህ ስለ ወሊድ ፈንድ ሳስብ መጀመሪያ የምጠይቀው የእሷ 30 ሳንቲም በምን መንገድ እንደሚገባና ስትወልድ ማን እንደሚከፍላት ነው።