የሙሉ ጨረቃ በዓልና የዕረፍት ቀን

የዕረፍት ቀን ሲባል ብዙዎቻችን መጽሐፍ አጥፈን የምንተኛበትን ቀን እናስባለን እንጂ፥ አንድ ሕዝብ ቀኑን ለማግኘት ሊሟገትበት፥ ካገኘው በኋላም ሌላውን ሊበድልበት እንደሚችል ልብ አንለውም። ይህንን ለመረዳት የስሪ ላንካ ቡድሂስቶች ቬሳክ የሚሉትን በዓል መመልከት ይጠቅማል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ በዓሉ ምን እንደ ሆነ እንግለጥ። ቬሳክ አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት፥ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ይውላል። ጎታማ ቡድሃ የተወለደውም፥ ልቡናው የበራለትም፥ ያረፈውም በዚሁ የጨረቃ ቀን ነው ተብሎ ስለሚታመን፥ ሦስቱ በአንድነት ይታሰባሉ።

ምእመናኑ ማልደው ነጭ ለብሰው ወደ ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ፤ አበባና ዕጣን ያቀርባሉ፤ የዘይት መብራት ያበራሉ። ብዙዎቹም በዚያን ቀን ስምንት ትእዛዛትን ለመጠበቅ ቃል ይገባሉ፤ ከነዚህም አንዱ ከእኩለ ቀን በኋላ እህል አለመቅመስ ነው። መጠጥ ቤትና ሥጋ ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ይዘጋሉ። ሲመሽ ከቀርከሃና ከስስ ወረቀት የተሠሩ ፋኖሶች በየደጃፉ ይሰቀላሉ፤ በየአደባባዩም የቡድሃን የቀድሞ ሕይወቶች ታሪክ በሥዕል የሚያሳዩ፥ በአምፖል ያሸበረቁ፥ ቶራና የሚባሉ ረጃጅም ማማዎች ይቆማሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን «ዳንሳላ» የተባለው ነው። የአንድ ሰፈር ሰዎች ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው በመንገድ ዳር ዳስ ይጥላሉ፤ ሩዝ በወጥ፥ ሻይና ጣፋጭ መጠጥ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ በነጻ ያድላሉ። የሚበላው ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም፤ ባለመኪናውም እግረኛውም ተራውን ጠብቆ ይቀበላል።

ይህ በዓል ደሴቲቱ ሲሎን ተብላ በእንግሊዝ ትገዛ በነበረበት ዘመን የሥራ ቀን ነበረ። የክርስቲያኖች በዓል ሥራ ሲያዘጋ፥ ከሕዝቡ የሚበዛው ቡድሂስት ግን በራሱ በዓል ከሥራ አይቀርም ነበር። በ1883 በፋሲካ ዕለት ኮታሄና በተባለው የኮሎምቦ ሰፈር የቡድሂስቶች ሰልፍ በካቶሊኮች መንደር አጠገብ ሲያልፍ ጠብ ተነሥቶ ደም ፈሰሰ። በሚቀጥለው ዓመት ቡድሂስት የሆነው አሜሪካዊው ኮሎኔል ሄንሪ ኦልኮት የሕዝቡን አቤቱታ ይዞ ሎንዶን ሄደ፤ በ1885ም ቬሳክ የሕዝብ በዓል ሆኖ ታወጀ። ዛሬ በብዙ አገር የምትታወቀው ባለ ብዙ ቀለም የቡድሂስቶች ሰንደቅ ዓላማ መጀመሪያ የተሰቀለችው በዚያው ዓመት በቬሳክ ቀን ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የፍትሕ ታሪክ ነው። ነገር ግን አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ፥ በ1966 የዳድሊ ሴናናያከ መንግሥት እሑድን ከዕረፍት ቀንነት አውጥቶ በምትኩ አራቱን የጨረቃ ቀኖች፥ ማለት ሙሉዋን፥ ጠፉንና ሁለቱን ግማሾች፥ የሳምንት ዕረፍት አደረጋቸው። የጨረቃ አካሄድ በሰባት እኩል ስለማይካፈል ሳምንቱ አንዳንዴ ስምንት ቀን ይሆን ጀመር፤ ከውጭ አገር ጋር የሚሠራው ነጋዴም ተቸገረ። ክርስቲያኑ ደግሞ ቅዳሴውን በሥራ ቀን እንዲያደርስ ተገደደ። አባቶቻቸው በእንግሊዝ ዘመን ያማረሩትን በደል ልጆቻቸው በሌላው ላይ አመጡት ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት የቆየው አምስት ዓመት ብቻ ነው። በ1971 እሑድ ተመለሰ፤ በየወሩ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀንም የሕዝብ በዓል ሆኖ ቀረ። በዛሬይቱ ስሪ ላንካ የሂንዱዎች፥ የእስላሞችና የክርስቲያኖች ዐበይት በዓላትም ሥራ ያዘጋሉ።

ዕረፍቱን መንግሥት በዐዋጅ ሊሰጥም ሊነሣም ይችላል። ዳሱን የጣለው፥ ሩዙን የቀቀለው ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ተማክሮ ነው፤ ይህንንም ለማድረግ የሌላውን እሑድ መውሰድ አላስፈለገውም። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ስለ ማንኛውም ሕዝብ በዓል ስናነብ፥ መብራቱንና ሰልፉን ካደነቅን በኋላ፥ በዚያ ቀን ማን ያርፋል? ማንስ ይሠራል? ብለን ብንጠይቅ ስለዚያ አገር ብዙ ነገር እንረዳለን።