የባንድ ስም አርማ እየሣሉ ማደር ይቻላልን?

የደብተሮቻቸውን ሽፋን በተጠማዘዘ ፊደል የሚያስጌጡ ተማሪዎች በየክፍሉ መኖራቸውን መምህራን ሁሉ እናውቃለን። ይህ ዝንባሌ እንጀራ ይሆናልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ራቅ ወዳለ አንድ ሙያ እንመልከት። ይኸውም ሄቪ ሜታል ለሚባለው ኃይለኛ የጊታር ሙዚቃ ባንዶች የስም አርማ የመሣል ሥራ ነው።

የዚህ ሙዚቃ አፍቃሪዎች የባንዱን ስም በሸክላ ሽፋን ላይ ከማየት አልፈው በካናቴራና በጃኬት ይለብሱታል። ስለዚህ አርማው ራሱ ገበያ አለው። ገንዘቡ ግን ወደ ሠዓሊው ላይመጣ ይችላል። ኤሲ ዲሲ የተባለውን የአውስትራልያ ባንድ ዝነኛ አርማ የሣለው ጄራርድ ዌርታ የተባለ አሜሪካዊ ነው። አርማው እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ ሸክላ ላይ ታየ። ዌርታ የፊደሉን መልክ ያገኘው ጉተንበርግ በ15ኛው መቶ ዓመት ካተመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የጉተንበርግ ፊደል ደግሞ የዘመኑን የብራና ጸሐፊዎች እጅ የሚመስል ነበርና፣ የአገራችን ቁም ጸሐፊ ቢያየው ባልንጀራ ያገኘ ይመስለው ነበር።

ዌርታ የተከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካናቴራው በዓለም ዙሪያ ሲሸጥ ከሽያጩ የሚደርሰው ድርሻ የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከነመብቱ ስለሚሸጥ ነው። ሠዓሊው «የፈቀድሁት ለሸክላው ሽፋን ብቻ ነው፤ ለካናቴራ ሌላ ክፍያ ይኑር» ብሎ በጽሑፍ ሊዋዋል ይችላል። ነገር ግን ያልታወቀ ባንድና ያልታወቀ ሠዓሊ ሲገናኙ ማን ውል ያስባል?

በዚህ ሙያ ስሙ ከሁሉ ገንኖ የሚጠራው ክሪስቶፍ ሽፓይደል ነው። የተወለደው በቤልጅግ ሲሆን ኑሮው በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ ነው። የተማረው የደን ሙያ ነው፤ በአርማዎቹም ላይ ሥርና ቅርንጫፍ ከፊደሉ እየወጣ ሲዘረጋ ይታያል። በእጁ ይሥላል። የስሙን የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደል እንደ መስተዋት ምስል ፊት ለፊት ያስተያያቸዋል፤ በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ሥራ ለእንግዳ ሰው ጨርሶ አይነበብም። መምህር ቢያርመው ቀይ በቀይ በሆነ ነበር! ለባንዱ ወዳጆች ግን አለመነበቡ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ የሚያውቀው ያውቀዋልና።

ሽፓይደል ኤምፐረር ለተባለው የኖርዌይ ባንድ የሣለው አርማ እጅግ የታወቀ ነው። የሠራቸው አርማዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ለብዙ ዓመታት በሱፐርማርኬት ተቀጥሮ ሠርቷል። ደንበኞቹ በአብዛኛው በትንሽ አዳራሽ የሚጫወቱ ወጣቶች ናቸው፤ የጊታራቸውን ክርና የመጓጓዣቸውን ወጪ ችለው የሚተርፋቸው ጥቂት ነው። ሌሎች የሙያው ሰዎችም የሸክላ ሽፋን፣ የማስታወቂያ ወረቀትና የሱቅ ሰሌዳ ጭምር ይሠራሉ፤ የቤት ኪራዩ የሚከፈለው ከዚያ ነው።