ለዳታቤዝ ሰርቨር ምን ያህል ዲስክ ይበቃል?

ዳታቤዝ የሚጫንበት ሰርቨር ሲመረጥ የውስጥ ማከማቻው በሦስት ነገሮች ይመዘናል፤ በሚይዘው መጠን፣ በፍጥነቱ እና ዲስክ ሲበላሽ መረጃውን ለማትረፍ ባለው አቅም።

የዲስክን ቦታ የሚሻሙት ሰንጠረዦች ብቻ አይደሉም። ፍለጋን የሚያፋጥኑ ኢንዴክሶች፣ ማናቸውም ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘገብበት ሎግ እና ብዙ መረጃ ሲደረደር የሚፈጠሩ ጊዜያዊ ፋይሎችም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለምሳሌ ሰንጠረዦቹ 1 ቴራባይት፣ የቀሩት በድምሩ ሌላ 1 ቴራባይት ቢይዙ መነሻው 2 ቴራባይት ነው። ሰርቨሩ በሚያገለግልባቸው ዓመታት መረጃው እጥፍ የሚያድግ ከሆነ 4 ቴራባይት ያስፈልጋል። ዲስክ ጢም ብሎ ሲሞላ ዳታቤዙ መጻፍ ያቆማል፤ ኤስኤስዲም ባዶ ቦታ ሲያጥረው ይዘገያል። ስለዚህ ከጠቅላላው ሲሶው ክፍት እንዲቀር ቢታሰብ ስሌቱ 6 ቴራባይት ይደርሳል።

ይህን መጠን አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻውን ሊይዘው ይችላል፤ ፍጥነቱ ግን አይበቃም። ዳታቤዝ መረጃን የሚያነበው ገጽ በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው፤ የፖስትግሬስ ገጽ 8 ኪሎባይት፣ ማይኤስኪውኤል የሚጠቀምበት የኢኖዲቢ ገጽ ደግሞ 16 ኪሎባይት ነው። ገጾቹ በዲስኩ ላይ ተበታትነው ስለሚገኙ የሃርድ ዲስክ ጭንቅላት ለእያንዳንዱ ቦታ መቀየር፣ ሳህኑም እስኪዞር መጠበቅ አለበት። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ በዚህም ምክንያት በሰከንድ የሚያስተናግደው ጥያቄ ከ100 ብዙም አይዘልም። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ በኤንቪኤምኢ የተገናኘ የሰርቨር ኤስኤስዲ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገጾችን ማንበብ ይችላል።

ዲስክ መበላሸቱ ስለማይቀር ሰርቨሮች መረጃውን ሬይድ በሚባል ዘዴ በበርካታ ዲስኮች ላይ ያከፋፍላሉ። ሬይድ 5 ቦታ ይቆጥባል፤ ሆኖም አንድ ትንሽ ለውጥ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ሬይድ 10 ሁሉንም በሁለት ቅጂ ስለሚያስቀምጥ ግማሹን ቦታ ይወስዳል፤ ለውጡን ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ጽፎ ይጨርሳል። መጻፍ ለሚበዛበት ዳታቤዝ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ባለ 3.84 ቴራባይት አራት ኤስኤስዲዎች በሬይድ 10 ሲደራጁ 7.68 ቴራባይት ስለሚሰጡ ለተጠቀሰው 6 ቴራባይት ይበቃሉ።

ኤስኤስዲው ራሱ ለሰርቨር የተሠራ መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነቶቹ መብራት በድንገት ሲጠፋ በመሸጋገሪያ ማህደረ ትውስታ ያለውን መረጃ ጽፎ ለመጨረስ የሚያበቃ ኃይል የሚይዝ ካፓሲተር አላቸው። የኤስኤስዲ ዕድሜ በተጻፈበት መጠን ስለሚያልቅ፣ አምራቹ በቀን ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሊጻፍበት እንደሚችል የገለጸውን ቁጥር ከሥራው ጋር ማነጻጸርም ተገቢ ነው።

በመጨረሻ የሰርቨሩ ሣጥን ስንት ዲስክ እንደሚቀበል ይታያል። ባለ ሁለት ዩኒት ሰርቨሮች እስከ 24 ባለ 2.5 ኢንች ዲስኮች የሚይዙ ሞዴሎች አሏቸው፤ ጥቂት ክፍት ማስገቢያዎችን መተው ለወደፊት እድገት ይረዳል። ሬይድ በስህተት የተሰረዘን ሰንጠረዥ ስለማይመልስ፣ መጠባበቂያ ቅጂው ከሰርቨሩ ውጭ መቀመጥ ይኖርበታል።