ቁልፉን የሚሰማው የትኛው ማሽን ነው?

አርባ ምንጭ በሁለት ተከፍላ የቆመች ከተማ ናት፤ ከታች ገበያው የደራባት ሲቀላ፣ ከላይ አባያንና ጫሞን ቁልቁል የምትመለከተው ሴቻ። መሥሪያ ቤቶቹ የሚበዙት ሴቻ ስለሆነ ጉዳይ ያለበት ሰው ዳገቱን ይወጣል። እዚያም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ከተማ ባለጉዳይ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መልስ አለ፦ «ሲስተም የለም»። መልሱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ መስመር ተቆርጧል ወይም ሰርቨሩ ቆሟል። አንዳንዴ ግን ሲስተሙ በደህና እየሠራ ነው፤ ሠራተኛው ፊት ያለው ስክሪን ብቻ ደርቆ ቀርቷል፣ የሚፈታውንም ቁልፍ ማንም አላሳየውም። ብዙ ሰው በአንድ ሰርቨር በሚሠራበት ቢሮ የኪቦርድ አቋራጮች ከመጀመሪያው ቀን ሥልጠና ውስጥ መግባት አለባቸው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ባለ ቢሮ ሠራተኛው ፊት የሚቀመጠው ቲን ክላየንት የሚባል መሣሪያ ከሞኒተር ጀርባ የሚሰቀል ትንሽ ሳጥን ነው። አብዛኛው ዓይነት ማራገቢያም የሚሽከረከር ዲስክም የለውም። ስለዚህ አቧራ አይስብም፣ ሙቀት አያስጨንቀውም፤ ለአርባ ምንጭ አየር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መደበኛው ዴስክቶፕ በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ሲፈልግ እሱ በጥቂት ዋት ይሠራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው 3270 ተርሚናል የዚሁ ቤተሰብ ታላቅ ነው፣ ዋይዝና ሰን የተባሉት ኩባንያዎች ደግሞ በ1990ዎቹ የዛሬውን መልክ ሰጡት። ዋናው ነገር ሳጥኑ ራሱ ምንም የማያስብ መሆኑ ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው፣ ሒሳቡ የሚደመረው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ሳጥኑ የተጫነውን ቁልፍ ይልካል፣ የተሳለውን ምስል ይቀበላል። መብራት ቢሄድና ሳጥኑ ቢጠፋ፣ የሰርቨሩ ክፍል ዩፒኤስ ወይም ጀነሬተር እስካለው ድረስ የተጀመረው ሥራ ባለበት ይቆያል። መብራት ሲመለስ ሠራተኛው ገብቶ ካቆመበት ዓረፍተ ነገር ይቀጥላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ከዚህ የበለጠ የሚያስመሰግነው ጠባይ አላይበትም።

ችግሩም የሚመጣው ሥራው ሰርቨሩ ላይ ከመሆኑ ነው። አንዱን ኪቦርድ ሁለት ማሽኖች ይሰሙታል፤ ፊት ለፊት ያለው ሳጥንና ሩቅ ያለው ሰርቨር። ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት አብረው ሲጫኑ የትኛው ይመልስ? ይህን ጥምረት ለመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ የሠራው ዴቪድ ብራድሊ ነው፤ ሰው ሳያስበው ማሽኑን እንዳያስነሳው ሁለት እጅ እንዲጠይቅ አድርጎ። በኋላ ዊንዶውስ ኤንቲ ሌላ ፕሮግራም ሊጠልፈው የማይችል የመግቢያ ምልክት አደረገው። ሌላ ፕሮግራም ካልጠለፈው ደግሞ ሰርቨሩን የሚያሳየው መስኮትም አይጠልፈውም፤ የቅርቡ ማሽን ዊንዶውስ ከሆነ ጥምረቱ ሁልጊዜ ለእሱ ይቀራል። ማይክሮሶፍት ሰርቨሩን በመስኮት ለሚያሳየው ሪሞት ዴስክቶፕ ለተባለው ፕሮግራሙ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤንድ የሚለውን የፈጠረው ለዚህ ነው። በዲሊት ፋንታ ኤንድ ሲጫን የሚመልሰው ሰርቨሩ ነው፤ የይለፍ ቃል መቀየሪያው፣ ስክሪን መቆለፊያውና የደረቀ ፕሮግራም መዝጊያው ታስክ ማናጀር በዚያ በር ይገኛሉ። የሩቁ ማሽን በትንሽ መስኮት ተከፍቶ ሳለ ኦልትና ታብ የቅርቡን ፕሮግራሞች ሲያገላብጥ፣ ኦልትና ፔጅ አፕ ግን የሩቁን ያገላብጣል። ኦልትና ሆም የሩቁን ስታርት ሜኑ ይከፍታል፤ ኮንትሮል፣ ኦልትና ብሬክ ወደ ሙሉ ስክሪን ያስገባል፣ ከዚያም ያስወጣል። በዋይዝ ሳጥኖች ላይ ኮንትሮልና ኦልት ከታች ቀስት ጋር የተከፈቱትን ግንኙነቶች ዘርዝሮ ያስመርጣል፣ ከግራ ቀስት ጋር ሳጥኑን ይቆልፋል።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በሪሞት ዴስክቶፕ መስመር ላይ በተለመደው አሠራር የሚጓዘው ፊደሉ አይደለም፤ የቁልፉ ቁጥር ነው። ቁጥሩን «ሀ» ወይም «ለ» የሚያደርገው ሰርቨሩ ነው። ስለዚህ ፓወር ግዕዝም ሆነ የዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ መጫን ያለበት ሰርቨሩ ላይ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ሃያ ወንበር ላይ ይሠራል። ቋንቋ መቀየሪያው ኦልትና ሺፍት ግን ለቅርቡ ማሽን ቀርቶ ከሆነ፣ ጸሐፊው «አማርኛው ጠፋ» ይላል። አማርኛው አልጠፋም፤ መቀየሪያውን የሰማው ሌላ ማሽን ነው።

«ማውስ እያለ ይህን ሁሉ ማን ይሸመድዳል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን መስመሩ ሲዳከም ምን እንደሚሆን እንይ። የማውሷ ቀስት እንደልቧ ትንቀሳቀሳለች፤ የተጫኑት አዝራር ግን መልስ የሚሰጠው ምስሉ ከሰርቨሩ ተስሎ ሲመጣ ነው፣ ቀጥሎ የት እንደሚጫንም ያንን ሳያዩ አይታወቅም። ቁልፍ ጥቂት ባይት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፣ የሚያውቀው ሰውም ምስሉን ሳይጠብቅ ይቀጥላል። ይህ ጥቅም አደጋም አለው። በደረቀ ስክሪን ላይ ኤንተርን ደጋግሞ የሚመታ ሰው ምንም ያልሆነ ይመስለዋል፤ ቁልፎቹ ግን በተራ ተሰልፈው መስመሩ ሲከፈት አንድ በአንድ ይደርሳሉ። ያላነበበውን ጥያቄ «እሺ» ብሎ፣ አንዱን ክፍያ ሁለቴ ሊመዘግብ ይችላል። ሽምደዳውም ቢሆን ብዙ አይደለም፤ ሠራተኛው እንዲያስታውስ የምፈልገው ቁልፍ ከአምስት ስድስት አይበልጥም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አወጣጡ ነው። መስኮቱን በኤክስ መዝጋት ከሰርቨሩ መውጣት አይደለም፤ ግንኙነቱ ይቋረጣል እንጂ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ክፍት ሆኖ ሜሞሪውን ይዞ ይቀመጣል። የጊዜ ገደብ ካልተደረገበት ቀናትም ይቆያል። ሃያ ሠራተኛ ማታ ማታ እንዲህ ከሄደ ጠዋት ሰርቨሩ መንቀርፈፉ አይቀርም፤ «ሲስተም የለም»ም አንዳንዴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለሻይ ሲወጡ መቆለፍ፣ ወደ ቤት ሲሄዱ ሎግ ኦፍ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዊንዶውስ ባለው ማሽን ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤል የሚቆልፈው የቅርቡን ነው፤ የሩቁን ለመቆለፍም ሆነ ከሩቁ ለመውጣት በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤንድ መግባት ይቻላል። የበጀትና የደመወዝ መዝገብ በተከፈተበት ወንበር ላይ ይህን ልዩነት አለማወቅ የሌላውን ሰው ፊርማ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ እንደመሄድ ነው።

የቀረው ከባዱ ተቃውሞ ነው፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። ይህን የሚመልስ ቁልፍ የለም፤ ሁለተኛ ሰርቨር፣ ጥሩ ባትሪና በየቀኑ የሚቀመጥ ቅጂ እንጂ። እነዚህን መግዛት የማይችል ቢሮ ቲን ክላየንት ባያስገባ ይሻለዋል። ቁልፎቹ ከሳጥን ሳጥን፣ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያሉ የሚለውም እውነት ነው፤ ሲትሪክስ በሚባለው ሌላ የግንኙነት ፕሮግራም ለምሳሌ የኮንትሮል፣ ኦልትና ኤንድን ቦታ የያዘው ኮንትሮልና ኤፍ 1 ነው። እዚህ ግን መፍትሔው ርካሽ ነው። የአይሲቲ ባለሙያው በቢሮው ያሉትን ሳጥኖች ራሱ ፈትሾ፣ በአማርኛ ግማሽ ገጽ ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ሞኒተር ሥር ይለጥፋል፤ በአንድ ወገን ለቅርቡ ማሽን የሚሄዱትን ቁልፎች፣ በሌላው ወገን ለሩቁ የሚሄዱትን።