ስለ ሁለት ተጣማሪ የኤሌክትሪክ ዑደቶችና ስለ ላፕላስ ዘዴ

በቤተ ሙከራ ሁለት ዑደቶች ሠርተን ነበር። እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሚሊሄንሪ ጥቅልል ሽቦና ባለ 1,000 ፒኮፋራድ ኮንደንሰር ነበራቸው፤ ለየብቻ ስንለካቸውም ሁለቱም በ159 ኪሎሄርትዝ ገደማ ያስተጋቡ ነበር። ጥቅልሎቹን ስናቀራርባቸው ግን በ159 ፈንታ ሁለት ጫፎች፥ አንዱን ከዚያ በታች፥ አንዱን ከዚያ በላይ አገኘን። ኮንደንሰሩ የተበላሸ መስሎን ሁለት ጊዜ ለወጥነው፤ ድካማችን ከንቱ ነበር። ዕቃው ደኅና መሆኑን በመጨረሻ ያስረዳን ስሌቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንደኛው ጥቅልል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲለዋወጥ በሁለተኛው ላይ ግፊት ያሳድራል፤ ሁለተኛውም በአንደኛው ላይ እንደዚሁ ያደርጋል። ስለዚህ የአንዱ ዲፌሬንሺያል እኩልዮሽ የሌላውን ያልታወቀ በውስጡ ስለሚይዝ ብቻውን አይፈታም። በላፕላስ ዘዴ ግን ጊዜ በኤስ ይተካል፤ ዴሪቬቲቭ መውሰድም በኤስ አባዝቶ የመነሻውን መጠን መቀነስ ብቻ ይሆናል። በኮንደንሰሩ ላይ አስቀድሞ የነበረው ቻርጅ ገና በመጀመሪያው መስመር ይገባል ማለት ነው። በተለመደው መንገድ ቋሚ ቁጥሮቹን መጨረሻ ላይ ስንፈልግ ዘወትር የምንሳሳተው እዚያ ነበርና፥ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

የቀረው ተራ አልጀብራ ነው። ተቃውሞን ለጊዜው እንተወውና ሁለቱን እኩልዮሾች ብንደምራቸው የቻርጆቹ ድምር፥ ብንቀናንሳቸው ልዩነታቸው ብቻ ይቀራል። (ዑደቶቹ እኩል ባይሆኑ ይህ አቋራጭ አይሠራም።) በድምሩ ታሕት የሚገኘው ፍሪኩዌንሲ 159 ለ1 ሲደመር ትስስሩ ዳግም ዘር ሲካፈል ነው፤ በልዩነቱ ታሕት ደግሞ መደመሩ መቀነስ ይሆናል። ትስስሩ 0.1 ቢሆን 152 እና 168 ኪሎሄርትዝ ገደማ ይወጣል። እኛ ብልሽት ያልናቸው ጫፎች እነዚህ ናቸው!

ወደ ጊዜ ስንመልሰው የአንደኛው ቻርጅ የሁለት ኮሳይኖች ድምር ግማሽ፥ የሁለተኛው የልዩነታቸው ግማሽ ይሆናል። በመጀመሪያ ጉልበቱ ሁሉ በአንደኛው ዘንድ ነው፤ ከ31 ማይክሮሴኮንድ ገደማ በኋላ አንደኛው ባዶ ይሆንና ጉልበቱ በሙሉ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ከዚያም ይመለሳል።

በብልጭታ ይሠሩ የነበሩት የቀድሞ ራዲዮ ማሠራጫዎች ችግር ይኸው ነበር፤ አንቴናቸው በሁለት የሞገድ ርዝመት ያሠራጭ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1906 ጀርመናዊው ማክስ ቪን በጣም ጠባብ በሆነ ክፍተት ተጠቅሞ፥ አንደኛው ዑደት ባዶ በሆነበት ቅጽበት ብልጭታው እንዲጠፋ አደረገ። መንገዱ ስለ ተቋረጠ ጉልበቱ መመለሻ አጣ፤ አንቴናውም በራሱ አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ይወዛወዝ ጀመር።