የሐረር ሸማኔ ወዴት ሄደ?

በሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የምትወርድ አንዲት ጠባብ መንገድ አለች፤ መኪና ግርግር ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ግራና ቀኝ የተደረደረው የልብስ ስፌት መኪና ጫጫታ ነው። ጨርቁን ለተመለከተ ግን አብዛኛው ሌላ አገር የተሸመነ ነው። ሐረር ትሰፋለች እንጂ እንደ ጥንቱ አትሸምንም።

በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን የከተማዋን ሸማ በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ አስበልጦታል፤ የመጽሐፍ ጠራዦቿንም ሙያ አድንቋል። ሰውዬው ስለ ሐረር በጎ ቃል የሚያበዛ አልነበረምና በዚህ ምስክርነቱ ይታመናል።

ታዲያ ምን ደረሰ? ብዙዎቻችን «ባቡሩ ጥሏት አለፈ» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ይህ ስለ ንግዷ እውነት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ በሰጡት ውል የመጀመሪያው ሐዲድ ከጅቡቲ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ከተማይቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዳገቱን መውጣት ወጪው ከበደ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። በዚያ ለተቆረቆረው ከተማ መጀመሪያ የታሰበለት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር፤ ይኸውም ድሬዳዋ ነው። ነጋዴውም መጋዘኑም ቀስ በቀስ ወደዚያ ወረደ።

የሸማኔው ነገር ግን ሌላ ነው። አቡጀዲ ከባቡሩ በፊትም ከዘይላ በግመል ይመጣ ነበር፤ ነገር ግን የጉዞው ኪራይና በየመንገዱ የሚከፈለው ቀረጥ ዋጋውን ያስወድደው ነበር። በረሃው ለሸማኔው እንደ ሁለተኛ ጁገል ነበር ማለት ነው። ባቡሩ ያፈረሰው ይህን ግንብ ነው። እንግዲህ ሐዲዱ ሐረር ድረስ ቢወጣ ኖሮ ሸማኔው ይድን ነበርን? ይልቁንም አቡጀዲው ደጁ ድረስ በመጣበት ነበር።

የሐረሪ ሴቶች የሣር ስፌት ለምን አልጠፋም? ምክንያቱም መጀመሪያውኑ የሚሠራው ለገበያ ሳይሆን ለቤት ነው። በሐረሪ ቤት ግድግዳው ያለ ስፌት ባዶ ነው፤ ሠርግም ያለ እርሱ አያምርም። የባሕር ማዶ ፋብሪካ ይህን በርካሽ ልሥራ ብሎ አልተነሣም። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ ደግሞ ጎብኚውም ይገዛዋል።

ዛሬ መኪና ግርግር ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ተራው የእርሱ ሆኗል፤ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስና ልባሽ ጨርቅ ከባሕሩ በኩል ይመጣበታል፤ አሁን በግመል ሳይሆን በጭነት መኪና ነው።