ከጁስ መምቻ የወጣ ጥቁር ውኃ

ቡራዩ ጁስ ቤት ደጃፍ ቆሞ የመምቻውን ጩኸት የሚሰማ ሰው ዕቃው ከአቮካዶና ከማንጎ ሌላ ሥራ ያለው አይመስለውም። የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጁ ጆናታን ኮልማንና ባልደረቦቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የግራፋይት ዱቄትን ከውኃና ከዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር በወጥ ቤት መምቻ መትተው ግራፊን እንደሚወጣው አሳይተዋል። (በዚያው ዕቃ ጁስ መምታት ግን አይመከርም።)

ግራፋይት የእርሳስ ጥቁሩ ነገር ነው። መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ የተነባበረ ነው፤ በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 3 ሚሊዮን ያህል ስስ የካርቦን ገጾች አሉት። አንዷ ነጠላ ገጽ ግራፊን ትባላለች። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ማንችስተር ላይ በማጣበቂያ ፕላስተር ልጠው ለዩዋት፤ በ2010 ኖቤል ተሸለሙባት። በፕላስተር እየላጡ ሰፊ መስታወት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ልባስ ማልበስ ግን አይሞከርም። ግራፊኑ እንደ መምቻው ውኃ ፈሳሽ ውስጥ ከሆነ ግን ይረጫል፣ ይቀባል፣ ይታተማል።

ጣጣው ከሳሙናው ነው። ካርቦን ውኃ አይወድም፤ ብቻውን ከተተወ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይዘቅጣል። ሳሙናው በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ ያንሳፍፋቸዋል። ውኃው ሲተን ግን እዚያው ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት የሚሻገረው ሲነካኩ ነው። ስለዚህ ልባሱ ይታጠባል፣ ይሞቃል። አደራረቁም ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ቡና ሲደርቅ መሐሉ ፈዞ ዳሩ እንደሚጠቁር፣ ጠብታው ዳር ዳሩን ቶሎ ስለሚተን ቅንጣቶቹን ወደ ጠርዝ ይገፋቸዋል። በጋለ ሳህን ላይ በስሱ የሚረጩት ለዚህ ነው።

የደረቀው ልባስ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ለመፈተሽ ተራ ቴስተር አይበቃም፤ ሁለቱ ሽቦዎች የሚነኩበት ቦታ ላይ ያለው ተቃውሞ ከልባሱ ጋር ይደባለቃል። አራት መርፌ በአንድ መስመር ይደረደራል፤ የዳሮቹ ከረንት ይሰጣሉ፣ የመሐሎቹ ቮልቴጅ ያነባሉ። ቮልቴጁ ለከረንቱ ተካፍሎ በ4.53 ሲባዛ ውጤቱ «ኦም በካሬ» ይባላል። ካሬው ትንሽም ሆነ ትልቅ ቁጥሩ ያው ነው፤ ርዝመቱ የጨመረውን ተቃውሞ ስፋቱ ይቀንሰዋል። ልባሱ ሲወፍር በደንብ ያስተላልፋል፣ ግን ይጠቁራል፤ እያንዳንዷ ገጽ 2.3 በመቶ ብርሃን ትወስዳለች።

የዚህ ሙያ ዘመድ አራት ኪሎም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ላይ ሠርተዋል።

እኔ ሰበታ ቤቴ ውስጥ ያለኝ አንድ ቴስተር ነው። በለስላሳው 6ቢ እርሳስ ወረቀት ላይ ወፍራም መስመር አጥቁሬ ተቃውሞውን ስለካ ቁጥር ወጣ፤ ሽቦዎቹን ሳቀራርባቸው ወረደ። በደረቁ ኤች እርሳስ ስሞክር ንባቡ እጅግ ከፍ አለ። እርሳሱን የሚያደርቀው ከግራፋይቱ ጋር የተለወሰው ሸክላ ነው፤ እሱም እንደ ሳሙናው መሐል ገብቶ ተቀምጧል።